የተሸጠ ዕቃ አይመለስም

ጉሌድ ሞቶ ተገኘ ተብሎ ሲደወልለት ኢንስፔክተር ዋርሳሜ ሻዩን ገና አንድ ጊዜ ፉት ማለቱ ነበር። በሐርጌሳ ሰው የሚሞተው ሁልጊዜ እሱ ሻይ ሲያዝ ነው። መሄዱ ላይቀር ብሎ ብርጭቆውን ጨለጠና ጉልበቱን እያሻሸ ተነሳ።

ጉሌድን የማያውቅ አልነበረም። ትልቁ ገበያ ከተቃጠለ ወዲህ ሱቁን መልሶ መሥራት ያቃተው ነጋዴ ሁሉ ስልኩን ሱቅ አድርጎታል፤ ዕቃውን ፎቶ ያነሳል፣ ይለጥፋል፣ ገዢ በስልክ ይከፍላል፣ ባጃጅ ያደርሳል። ከተማዋ በአንድ እጇ ሲሚንቶ እያቦካች በሌላው ስልክ ትነካካለች። ጉሌድ በዚህ ሥራ ቀደም ብሎ የገባ ምላሰኛ ነበር፤ ከሚለጥፈው ፎቶ ሁሉ ሥር «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» ብሎ ይጽፋል። በዚህች መስመር የተነሳ ጣቢያ መጥቶ ያላማረረ የጅግጅጋ ያር ሠፈር ሰው ጥቂት ነው። ዋርሳሜም «ሽማግሌ ፈልጉ» እያለ ይሸኛቸው ነበር፤ ለማያቀዘቅዝ ፍሪጅ የሚሆን ሕግ ኪሱ ውስጥ አልነበረውም።

መጋዘኑ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ፣ ግንባታው በተጋመሰ ፎቅ ሥር ነው። ሟቹ በካርቶኖች መካከል በግንባሩ ተደፍቷል። ግንባሩ ተተርትሮ ደሙ ከብረት መደርደሪያው ጠርዝ እስከ ወለሉ ወርዷል። ባዶ እግሩን ነው፤ ጫማው በሩ አጠገብ፣ የፕላስቲክ ማንቆርቆሪያ ከጎኑ። ከፊቱ ያለው ቦታ ከሌላው ወለል የጸዳ ነበር። ዋርሳሜ ይህን ሁሉ አየ፤ አየ እንጂ አላሰበበትም። ደም ያለበት ቦታ ዓይን ደሙን ብቻ ይከተላል።

የሟቹ የአጎት ልጅና የንግድ ሸሪክ ቡራሌ ደጃፉ ላይ ተቀምጦ ያለቅስ ነበር። በጠዋት ሊከፍት መጥቶ ያገኘው እሱ ነው። ማን ይመስልሃል ሳይባል መለሰ፦ ያቺ ልብስ አጣቢ ሐበሻ ናት። ትናንት አመሻሽ ላይ መጥታ ማጠቢያ ማሽን ገዝቼህ ብልሹ ሆነብኝ ብላ መንገዱን በጩኸት ሞልታው ነበር። የጎረቤት ነጋዴዎችም ጩኸቱን ከየሱቃቸው ሆነው እንደሰሙ አረጋገጡ። ከመሄዷ በፊት በአማርኛ ረግማዋለች፤ አማርኛ የሚሰማ አንዱ «የእጅህን ይስጥህ» እንዳለች ተርጉሞላቸዋል።

ዋርሳሜ ሬሳው ሐኪም ቤት ይግባ አለ። የጉሌድ ዘመዶች ግን ከፈኑን ገዝተው፣ መቃብሩን አስቆፍረው ጨርሰዋል፤ ጀናዛ አያድርም አሉ። በወጣትነቱ ቢሆን መኪናው ፊት ይቆም ነበር። አሁን ደክሞታል። ከሰዓት በኋላ፣ ለአስር ሶላት፣ ጉሌድ ተቀበረ፤ ከእሱም ጋር ምናልባት ግማሹ ምርመራ።

ሴትዮዋን ኮድቡር ከሚባለው ሠፈር አመጡለት። ሸዋርካብሽ ትባላለች፤ ከሸዋ ገጠር መጥታ በየቤቱ ልብስ ስታጥብ ዓመታት ያስቆጠረች፣ ጣቶቿ በሳሙና የተላጡ ሴት። ዋርሳሜ ሐረር ተምሮ አማርኛ ስለሚችል የሐበሻ ጉዳይ ሁሉ የሚወረወረው ወደ እሱ ነው።

«አንቺ ነሽ የገደልሽው?» አላት። ጥያቄው እንደማይረባ ቢያውቅም መጠየቅ ግድ ነው።

«እኔ ሰው የምገድልበት ጊዜ የት አለኝ፣ ጌታዬ?»

ታሪኩን ተረጋግታ ነገረችው። ማሽኑን በጉሌድ ገጽ ላይ አይታ፣ ስታጠራቅም የኖረችውን ሰጥታ ገዛችው። ብልሹ ሆነ። ስትደውልለት አንዴ ቡራሌ መጥቶ ከፈተው፣ ነካካው፣ ዘጋው፤ ተሠርቷል ብሏት ሄደ። እንደገና ያው ሆነ። ስትደውል ማንሳት ሲተዉ ታጁ በሚባል ሰው ባጃጅ ላይ ጭና መጋዘኑ ድረስ ወሰደችው። ጉሌድ የተሸጠ ዕቃ አይመለስም አላት። እሷም ያው ዕቃህ ብላ ትታለት ወጣች። መራገሟን አልካደችም።

«ማታውን ከማን ጋር ነበርሽ?»

«ከድካሜ ጋር።»

ዋርሳሜ ይህን መልስ ወደደው። ምስክር አድርጎ ማቅረብ ግን አይቻልም። ማሽኑ ደግሞ ታሪኳን አላገዘውም፤ መጋዘኑ ውስጥ የለም፣ ቤቷም የለም። ቡራሌ፣ ወላሂ ሰሞኑን ማጠቢያ ማሽን ደጃፋችን አልደረሰም፣ ባዶ እጇን ነው ለጠብ የመጣችው ብሎ ምሏል።

የጣቢያው አዛዥ ነገሩን አጭር አድርጎ አየው። ሐሙስ ኢሚግሬሽን ወደ ቶጎ ውጫሌ ድንበር የሚልከው መኪና አለ፤ ሴትዮዋ ትጫንበት። የሟች ቤተሰብ ይበርዳል፣ እስር ቤት ትርፍ አፍ አይቀልብም፣ ለእሷም ምሕረት ነው። ዋርሳሜ ይህን ለሸዋርካብሽ ሲነግራት የሚያጽናናት መስሎት ነበር።

«መላካችሁን ላኩኝ፤ ገዳይ ተብዬ ግን አልሄድም» አለች። «ሐርጌሳ ውስጥ ዘመድ የለኝም፤ ገንዘብ የለኝም። ሰው የቤቱን ቁልፍ ሰጥቶኝ የሚወጣው ስሜን አምኖ ነው። እሱ ከተበላሸ ውጫሌም ብሄድ፣ አገሬም ብገባ ምን አለኝ?»

ዋርሳሜ ሐሙስ እስኪመጣ ግን ዝም ብሎ መቀመጥ አቃተው፤ እንቅልፍ ሲያምረው ሥራ የሚመጣበት ሰው ነው።

በመጀመሪያ ሀይቤን አሰበ። ሀይቤ ከጉሌድ የገዛው ቴሌቪዥን ከካርቶኑ ሲወጣ ተሰንጥቆ ያገኘ ወጣት ባል ነው፤ እንደ ቴሌቪዥኔ ጭንቅላትህን እሰነጥቀዋለሁ ብሎ ቪዲዮ ለጥፎ ከተማው ሁሉ አይቶታል። የተሰነጠቀ ግንባር ላለው ሬሳ ከዚህ የተሻለ ተጠርጣሪ አይገኝም። ዋርሳሜ ሲያገኘው ግን ሰውዬው አራስ ሚስቱ ደጃፍ ላይ ሕፃን ታቅፎ ነበር። ያን ምሽት ማዋለጃ ክፍል በር ላይ ሲጮህ አምሽቷል። አዋላጇ ነርስም በደንብ ታስታውሰዋለች፤ እንዲያውም እባክህ እሰርልኝ አለችው። ዋርሳሜ ሀይቤን እንኳን አላህ ማረልህ ብሎ ተወው።

ቀጥሎ ታጁን ፈለገ። ሸበቶ የጅማ ሰው ነው፤ የመኖሪያ ፈቃድ ስለሌለው ነገሩን እንደሰማ ባጃጁን ጋራዥ ውስጥ ደብቆ ተሰውሮ ነበር። ዋርሳሜ ጎማ ላይ አጠገቡ ተቀመጠና፣ አቦ፣ የመጣሁት ለወረቀትህ አይደለም አለው። ታጁ ብዙ ካመነታ በኋላ አፉን ፈታ።

«ማሽኑን እኔና ጉሌድ ተጋግዘን ነው ወደ ውስጥ ያስገባነው፣ ጋሼ። የመግሪብ ሶላት ደርሶ ስለነበር ለውዱእ እጅ እግሩን ሊታጠብ ጫማውን እያወለቀ ነበር። እሷን ይዣት ሄድኩ፤ ቤቷ አድርሻታለሁ። ወላሂ ስንለየው ይሰድበን ነበር። ደህና ነበር።»

አዛዡ ይህን ሲሰማ ሳቀ። ሐበሻ ለሐበሻ ቢመሰክር ምን ይደንቃል፣ ያውም ወረቀት የሌለው። ዋርሳሜ ግን አንድ ነገር ጨበጠ፦ ማሽኑ መጋዘን ገብቷል፤ ጠዋት ግን የለም። ሰው ገድሎ ብልሹ ማጠቢያ ማሽን ተሸክሞ የሚሄድ ሌባ ደግሞ እስከ ዛሬ አላጋጠመውም።

የሚቀረው ሬሳው ነበር፤ እሱም አፈር ለብሷል። አስር ሊሰግድ ጅግጅጋ ያር መስጊድ ሲገባ ግን ሼክ ኸሊፋን አያቸው። የሐረር ሽማግሌ ናቸው፤ በሠፈሩ የሞተ ወንድ የሚታጠበው በእሳቸው እጅ ነው። ከሶላት በኋላ አጠገባቸው ተቀምጦ በአማርኛ ጠየቃቸው፦ ከግንባሩ ሌላ፣ የትግል ምልክት፣ የጥፍር ጭረት፣ ሰንበር ነበረው?

ሼኩ መቁጠሪያቸውን መግፋት አቆሙ።

«ልጄ፣ ጀናዛ አማና ነው፣ አደራ። በሟች ገላ ላይ ያየነውን አናወራም። ሸሽጉ ተብለናል።»

ዋርሳሜ ይህን ሕግ ያውቀዋል፤ አባቱም የታጠበው በዚሁ ሕግ ነው። በሌላ ጊዜ ቢሆን እጃቸውን ስሞ ይነሳ ነበር። አሁን ግን ስለ ሸዋርካብሽ ነገራቸው፤ ሐሙስ ገዳይ ተብላ እንደምትጫን፣ የሚጠይቅላት አንድ ሰው እንደሌላት። ሼኩ አንገታቸውን እንደደፉ ሰሙት።

«የምትሸሽጉት ነውር ከሆነ ይሸሸግ» አላቸው። «ይህ ግን ነውር አይደለም፣ ሼካችን። ምስክርነት ነው። እሷም የአላህ አማና ናት።»

ሽማግሌው መቁጠሪያቸውን ጭናቸው ላይ አኖሩ። ከዚያ ቀኝ እጃቸውን ዘረጉና የመዳፋቸውን መሐል በሌላው እጃቸው ጣት ነኩ። ቀጥለው ጎንበስ ብለው ውስጥ እግራቸውን ነኩ።

«የተቃጠለ?» አለ ዋርሳሜ። «ጥቁር ነጥብ?»

ሼክ ኸሊፋ ዓይናቸውን ጨፈኑ። «እኔ አልተናገርኩም» አሉና መቁጠሪያቸውን ቀጠሉ።

ዋርሳሜ እንዲህ ያለ ነጥብ ከዚህ በፊት አይቷል፤ አዲስ ፎቅ ላይ ሽቦ ሲዘረጋ የሞተ ሠራተኛ እጅ ላይ። ወደ ጣቢያው ሲመለስ በራሱ ተናደደ። አዛዡ ስለ እርግማኑ ጠይቋታል፤ እሱ ስለ ምሽቷ ጠይቋታል፤ ነጋዴዎቹ ማን ያስጮህሻል ብለዋታል። ዋናውን ነገር የጠየቃት የለም። ሸዋርካብሽን አስጠርቶ ወንበር ሰጣት።

«ማሽኑ ምን ነበር የሆነው?»

መልሳ አየችው። መጀመሪያ የሚቀልድባት መስሏት ነበር።

«እስከ ዛሬ ይህን የጠየቀኝ የለም» አለች። «ይነዝራል፣ ጌታዬ። እርጥብ እጅ ሲነካው ይነዝራል። ቡራሌ ሠራሁት ብሎኝ ከሄደ ወዲህ ጭራሽ ባሰበት፤ አንድ ቀን ወርውሮ ከግድግዳ አላተመኝ። ለጉሌድ ብነግረው፣ ጫማ አድርገሽ እጠቢ አለኝ።»

ጉሌድ ግን ጫማውን አውልቆ ነበር። ዋርሳሜ አሁን ነገሩ ሁሉ ታየው። ሰውዬው ውዱእ አድርጎ፣ እጅ እግሩ እንደራሰ፣ ሴትዮዋ ውሸታም መሆኗን ለራሱ ሊያረጋግጥ ሶኬቱን ሰክቶ ማሽኑን ያዘው። ማሽኑም ያዘው። ሲለቀው በግንባሩ ብረቱ ላይ ወደቀ። ገዳይ አልነበረም። ጠዋት ግን መጀመሪያ የደረሰ አንድ ሰው ማሽኑን ከፊቱ አንስቶታል።

ሌላ ሐሳብም ተከተለው። በዚህ ንግድ የተመለሰ ዕቃ ተቀምጦ አይከርምም። ይወለወላል፣ ካርቶን ይገባል፣ በፕላስተር ይታሸጋል፣ አዲስ ተብሎ ይሸጣል።

የዘብ ክፍሏን ሳጅን በራሷ ስልክ ወደ ጉሌድ ገጽ ቁጥር እንድትደውል አደረጋት። ቡራሌ አነሳው። ለቅሶ ላይ ነው፤ ገዢ ሲመጣ ግን ለቅሶም ትንሽ ፈቀቅ ይላል። ሳጅኗ ማጠቢያ ማሽን እንዳላችሁ ሰምቼ ነበር አለችው። አንዲት ነበረችኝ፣ ከካርቶኗ ያልወጣች፣ ዛሬ ጠዋት ተሸጠች፣ ሌላ ከበርበራ እየመጣልኝ ነው ብሎ መለሰ። ሳጅኗም እንደ ማንኛዋም የከተማው ሴት፣ በፎቶ ብቻ አልገዛም፣ የገዛችው ቤት ሄጄ ሲሠራ ልየው አለችው። ቡራሌ ገዢ እንዳታመልጠው አድራሻውን ነገራት፦ ሼክ ኑር ሠፈር፣ ለሆቴሎች አንሶላ የምታጥበው ሀሊማ ቤት።

ዋርሳሜ እሱ ራሱ በማያስታውሰው ፍጥነት መኪና ውስጥ ገባ። መንገዱ አሸዋና ብሎኬት በጫኑ መኪኖች ተዘግቷል፤ ለሁሉም ጡሩምባ ነፋ፣ ሁሉም መልሰው ነፉበት። በመጨረሻ ወርዶ ሮጠ። ጉልበቱ ሮጠ ለማለት የማያስደፍር ቢሆንም።

ሀሊማ በረንዳዋ ላይ፣ በአንሶላ ክምር መካከል ባዶ እግሯን ተቀምጣ የውሃ ቦቴውን ባለቤት ትራገማለች። ከጠዋት ጀምሮ ይመጣል ተብሎ አልመጣም። ማሽኑ ከጎኗ ቆሟል፤ ሶኬቱ ተሰክቷል፤ የሚጠበቀው ውሃ ብቻ ነው። ዋርሳሜ እንዳትነኪው ብሎ ጮኸና የቤቱን ቆጣሪ አጠፋ። ከዚያ በረንዳው ጠርዝ ላይ ተቀምጦ ትንፋሹን ጠበቀ። ያንን ቦቴ ነጂ አትርገሚው፣ መርቂው ሊላት አሰበ፤ ትንፋሽ አጣ እንጂ።

ኤሌክትሪክ ሠራተኛ መጥቶ የማሽኑን ጀርባ ሲከፍተው የተላጠ ሽቦ ከብረት ገላው ጋር ተጣብቋል። ንዝረቱን ወደ መሬት የሚወስደው ሽቦ ደግሞ ተቆርጦ በፕላስተር ተጠቅልሏል። ይህ ከፋብሪካ የመጣ ጥፋት አልነበረም፤ ሰው ጠግኖ ያባባሰው ነው።

ቡራሌ ለመካድ ብዙ አልደከመም። የመጀመሪያው ጥያቄ ላይ ፊቱ ወደቀ። ጠዋት በሩን ሲከፍት ጉሌድ ከማሽኑ ሥር ነበር፤ ሶኬቱ እንደተሰካ። ማሽኑን ነካክቶ የዘጋው እሱ ስለሆነ ቤተሰቡ በእጅህ ሞተ እንዳይለው ፈራ። ማሽኑን በጓሮ በር አውጥቶ ቦታውን ወለወለ።

«እሺ ደበቅከው። ለምን ሸጥከው?» አለው ዋርሳሜ።

«ምን ላድርገው? ዕቃ ነው።»

«ሴትዮዋንስ?»

ቡራሌ መሬት መሬት አየ። «እሷ ወገን የላትም። ማንም አይጠይቀንም ብዬ ነው።»

ዋርሳሜ ብዙ ገዳይና ብዙ ሌባ መርምሯል። እንደዚህ ቃል አንጀቱን ያሳረረው አልነበረም፤ ውሸት ስላልሆነ።

ረቡዕ ማታ አዛዡ ደስ ብሎት ነበር። ሞቱ አደጋ ነው፤ ቡራሌና ሟቹ አንድ ቤተሰብ ናቸው፤ ሽማግሌዎች ነገ ጠዋት በጉሌድ ግቢ ተቀምጠው ይጨርሱታል፤ መዝገቡ ይዘጋል። ሴትዮዋ ትፈታለች። ቢሆንም ሐሙስ በመኪናው ብትሄድ አይሻልም ወይ፣ ሰው ሁሉ ገዳይ እያላት እዚህ ምን ትሠራለች አለ። ዋርሳሜ ተጽፏል እኮ፣ ንጹሕ መሆኗ ሪፖርቱ ላይ አለ ብሎ ጀመረና መሐል ላይ ተወው። ፖሊስ የጻፈውን በዚህ ከተማ ማንም አያነብም። ሽማግሌ ያለውን ግን እስከ ሻይ ቤቱ ሁሉም ይሰማል። ሽማግሌዎቹ ስንቱን መዝገቡን አዘግተውበታል፤ ስንት ጊዜ አማርሮባቸዋል። ጠዋት ሸዋርካብሽን ይዞ ወደ እነሱ ሄደ።

ግቢው በሰው ተሞልቷል። ሽማግሌዎቹ ምንጣፍ ላይ ናቸው፤ ቡራሌ አጎቶቹ መካከል አንገቱን ደፍቷል። የጉሌድ ሚስት ላዳን የሐዘን ነጭ ልብሷን ለብሳ ከቤቱ በር ኋላ ታዳምጣለች። ሐበሻዋ ስትገባ ጉርምርምታ ሆነ። ትልቁ ሽማግሌ ደግ ሰው ናቸው፤ ሕጉን ግን አይዘሉም። በጉባኤ የሚቀርብ ሰው ወገኑ አጠገቡ ይቀመጣል፤ ይህች ሴት የማን ናት ብለው ጠየቁ።

ዋርሳሜ ባርኔጣውን አወለቀ። ጉልበቱ እየተንቋቋ ሸዋርካብሽ አጠገብ መሬት ላይ ተቀመጠ።

«የእኔ ናት።»

«አንተ ፖሊስ ነህ» አሉት።

«ዛሬ አይደለሁም። ልጅ ሆነን ከጦርነቱ ሸሽተን አገሯ ስንገባ፣ የማን ናችሁ ብሎ የመለሰን አልነበረም።»

ከሽማግሌዎቹ ብዙዎቹ በዚያው መንገድ በእግራቸው የሄዱ ናቸው። ማንም አልተከራከረውም። ትልቁ ሽማግሌ ምን እንደምትፈልግ ጠየቋት፤ ዋርሳሜ አስተረጎመ። ማሽኑ፣ ካሳው፣ የታሰረችበት ቀን፣ ሁሉንም ልትጠይቅ ትችል ነበር።

«ብልሹ ነው ብዬ ነበር፤ ብልሹ ነው በሉልኝ» አለች። «ሰው አልገደልኩም፤ አልገደለችም በሉልኝ። ሌላ አልፈልግም።»

ዋርሳሜ ቃል በቃል አስተላለፈው። ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። አንዱ ሟችን መውቀስ ደግ አይደለም አለ፤ ሌላው ሁሉም ይቅር ይባባል ብሎ ነገሩን ማለስለስ ጀመረ። ዋርሳሜ ይህን ማለስለስ ያውቀዋል፤ በዚህ ዓይነት እውነቱ ምንጣፉ ሥር ሊገባ ነው። ድካሙ እንደገና ትከሻው ላይ ሲወጣ ተሰማው።

ያኔ ላዳን ከበሩ ወጣች። የሐዘን ልብስ የለበሰች ሴት በወንዶች ጉባኤ አትናገርም፤ ስለዚህ ሁሉም ወደ እሷ ዞረ።

«ዕቃው ብልሹ ነበር» አለች። «ባሌ ሊመልስላት ይገባ ነበር፤ ቢመልስላት ዛሬ በሕይወት አለ። ይህች ሴት አልገደለችውም። እውነቷን ነው የተናገረችው።»

ወደ ሸዋርካብሽ ዞረች።

«ነገ መጥተሽ የልጆቼን ልብስ እጠቢልኝ። በዋናው በር ግቢ። ስትገቢ ሰው ሁሉ ይይሽ።»

ዋርሳሜ ሊተረጉም አፉን ከፈተ፤ አላስፈለገም። ዓመታት የኖረችበት ከተማ ቋንቋ ነው፤ ሸዋርካብሽ ሰምታዋለች። ጣቢያ ውስጥ እንባ ያልወጣት ሴት ሻሿን ፊቷ ላይ ስባ አለቀሰች። ሽማግሌዎቹ ወደ ሌላ ወገን እያዩ ጠበቋት።

«በእጄ የማጥበው ከሆነ እመጣለሁ» አለች በመጨረሻ።